ግንቡን አየን፤ ወንዙንስ?

ጎንደርን ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው «ምን አየህ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ «የፋሲልን ግንብ» ይላል። «ወንዙንስ?» የሚል ጥያቄ ብናስከትል ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው መልስ ዝምታ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል የተቆረቆረች ከተማ መሆኗን በጂኦግራፊ ትምህርት የተማርን ብዙዎች ነን፤ ከግንቡ ደጃፍ ተነሥተን በእግራችን ወደ ቀሃ የወረድን ግን ጥቂቶች ነን።

ይህ ለምን ሆነ? ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል። የጥናት ጉዞዎቻችን መርሐ ግብር የሚዘጋጀው በአውቶቡስ ልክ ነው። አውቶቡሱ ከግንቡ በር ላይ ያራግፈናል፤ አስጎብኚው የነገሥታቱን ስም በቅደም ተከተል ይነግረናል፤ ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ ምሳ እንበላለን። ከዚያም አውቶቡሱ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኘው የፋሲል መዋኛ ያደርሰናል፤ እንደገና ፎቶግራፍ እንነሣለን። በሁለቱ ፎቶግራፎች መካከል ያለው ነገር ሁሉ፣ ይኸውም ድንጋዩ፣ አፈሩ፣ ዛፉና ውሃው፣ በመስኮት በኩል ያልፋል። የታሪክ ተማሪ በዚህ ቢጽናና አንፈርድበትም። የሳይንስ ተማሪ ግን ሊጽናና አይገባውም፤ ያመለጠው የራሱ ትምህርት ነውና።

በዚህ ጽሑፍ የምንሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው። ከነገሥታቱ ግቢ ተነሥቶ ወደ ቀሃ የሚያወርደውና በዛፍ የተከበበውን መዋኛ አልፎ ወደ ቁስቋም ኮረብታ የሚያቀናው መንገድ አንድ ሙሉ ቅርስ ነው እንላለን። ግንቡን ከዛፉ፣ ዛፉንም ከወንዙ ነጥሎ መጠበቅ አይቻልም። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር አብረውት የተመዘገቡ ሌሎች ስፍራዎች ነበሩ፤ የፋሲል መዋኛ፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከከተማዋ ርቀው የሚገኙት ጎርጎራና ጉዛራም ጭምር። መዝገቡ ነጥቦቹን ይዟል። ነጥቦቹን የሚያገናኘው መስመር፣ በተለይም ውሃው፣ የሁላችንም ሆኖ የማንም ያልሆነ ነገር ሆኖ ቀርቷል።

የማይታረቁ ሁለት ቁጥሮች

ጉዞውን ከግቢው እንጀምር። ስለ ፋሲል ግቢ በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ይደጋገማሉ። አንደኛው ግቢውን የሚከበው አጥር ርዝመቱ 900 ሜትር ነው የሚለው ሲሆን፣ ይህ በዩኔስኮ መግለጫ ላይ የሚገኝ ነው። ሁለተኛው የግቢው ስፋት 70,000 ካሬ ሜትር ገደማ ነው የሚለው ነው። ሁለቱም ለዓመታት ሲቀዱና ሲገለበጡ ኖረዋል፤ ለመሆኑ አንድ ላይ ሊቆሙ ይችላሉን?

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህን ለማጣራት ከእርሳስና ከወረቀት በቀር የሚያስፈልገው ነገር የለም። በተወሰነ የአጥር ርዝመት የሚታጠረው ትልቁ ስፋት የክብ ቅርጽ ስፋት መሆኑ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። ዙሪያው 900 ሜትር የሆነ ክብ የግማሽ ስፋቱ ርዝመት፣ ማለትም ሬዲየሱ፣ 143 ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱም 64,500 ካሬ ሜትር አይሞላም። የፋሲል ግቢ ደግሞ ክብ አይደለም። አራት ማዕዘን ቢሆንና ጎኖቹ እኩል ቢሆኑ እንኳ በ900 ሜትር አጥር የሚታጠረው 50,625 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ቁጥሮች ቢያንስ አንዱ ተሳስቷል፤ ወይም ሁለቱ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው።

ይህን የምናነሣው ማንንም ለመንቀስ አይደለም። ይልቁንም በዓለም መዝገብ ላይ ስላለ ቅርስ እንኳ ገና ያልተፈታ፣ በእግርና በሜትር የሚፈታ ጥያቄ መኖሩን ለማሳየት ነው። የእርምጃውን ርዝመት አስቀድሞ የለካ አንድ ተማሪ አጥሩን አንድ ጊዜ ቢዞረው፣ ለብዙ ዓመታት ሲገለበጥ ከኖረው ቁጥር የተሻለ ነገር ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ግንቦቹ የተሠሩበት ጥቁር ቡናማ ድንጋይ ባዛልት ነው። ዐፄ ፋሲለደስ (እ.ኤ.አ. 1632–1667) ጎንደርን መናገሻ ባደረጉ ጊዜ ድንጋይ ከሩቅ ማስመጣት አላስፈለጋቸውም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ እየፈሰሰ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን አምባዎች የሸፈነው የቀለጠ ድንጋይ ከእግራቸው ሥር ነበርና። ድንጋዩን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ትናንሽ ቀዳዳዎችን ያስተውላል፤ ቀልጦ ሲፈስስ በውስጡ የታመቀ ጋዝ ያበጃቸው አረፋዎች ናቸው። በቅስቶችና በመስኮቶች ዙሪያ የሚታየው ቀላ ያለ ድንጋይ ደግሞ ቱፍ ይባላል፤ የእሳተ ገሞራ አመድ ተጠቅጥቆ የተፈጠረና ለመጥረብ የሚመች፣ በዚያው ልክ ለዝናብም የሚሸነፍ ነው። ጠራቢዎቹ የሁለቱን ጠባይ ለይተው ያውቁ እንደነበር ግንቡ ራሱ ይመሰክራል፤ ክብደት በሚያርፍበት ቦታ ባዛልቱን፣ ውበት በሚፈለግበት ቦታ ቱፉን አኑረዋል።

ድንጋዮቹን ያያያዘው የኖራ ጭቃ ሌላ ትምህርት ነው። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለአየር ይለቃል፤ የሚቀረው ካልሲየም ኦክሳይድ በውሃ ሲበረዝ ይፈላና ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ይህ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋዮቹ መካከል ከተኖረ በኋላ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድን ቀስ በቀስ መልሶ እየወሰደ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ሂደቱ በወፍራም ግንብ ውስጥ እጅግ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የኖራ ጭቃ ውሃን በእንፋሎት መልክ ያሳልፋል፤ ድንጋዩ ጥቂት ሲንቀሳቀስም አብሮ ይለዝባል። በጣሊያን ወረራ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1936–1941) ለጥገና የገባው ሲሚንቶ ግን ይህ ጠባይ የለውም። ሲሚንቶ ይጠነክራል፤ እርጥበትን ያፍናል። የታፈነው ውሃ በሲሚንቶው በኩል መውጣት ሲያቅተው በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ የተሸከመውንም ጨው እዚያው ድንጋዩ ውስጥ ጥሎት ይሄዳል፤ ጨውም ሲረጋ ድንጋዩን ከውስጥ ይልጠዋል። በ1970ዎቹ በተካሄደው ጥገና ወደ ኖራ መመለስ ያስፈለገውም ለዚህ ነበር። በቅርብ ዓመታት ግቢው እንደገና ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል፤ መልካም ነው። ግንብን ማደስ የኬሚስትሪ ጉዳይ መሆኑን የሚያውቅ ትውልድ ካልተከተለው ግን የአንዱ ዘመን እድሳት የሌላው ዘመን ጉዳት እንደሚሆን ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

ሾላ በድፍን

ከግቢው ወጥተን ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ቀሃ እንውረድ። መንገዱ ለሕፃንም ለአዛውንትም የማይከብድ ነው፤ እያዩና እየቆሙ ቢሄዱ እንኳ ከአንድ ሰዓት በታች ያደርሳል። ከተማው ሳሳ ሲል ዛፎች መታየት ይጀምራሉ፤ መዋኛው ደግሞ ራሱን የቻለ ትንሽ ደን ነው። ውሃ በሌለበት ወራት ባዶ የድንጋይ ገንዳ፣ በመካከሉ በቅስቶች ላይ በተሠራ ድልድይ የሚደረስበት ፎቅ፣ ጥግ ላይ የንጉሡ ፈረስ የዞብል መቃብር ነው እየተባለ በትውፊት የሚነገርለት ትንሽ ክብ ቤት አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዓይን የሚይዙት ከአጥሩ ላይ የበቀሉት ዛፎች ናቸው። ሥሮቻቸው እንደ ቀለጠ ሰም በግንቡ ላይ ፈስሰው፣ ድንጋዩን እንደ እጅ ጣት ጨብጠው ይታያሉ።

እነዚህ ዛፎች ዋርካና ሾላ የሚመደቡበት የፊከስ ወገን ናቸው። ግንብ ላይ እንዴት ወጡ? በአገራችን «ሾላ በድፍን» የሚል አባባል አለ፤ ተገልጦ ያልታየ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ያልታወቀ ነገር እንደ ማለት ነው። አባባሉን የፈጠረው ሰው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ባይሆንም ሾላን ከፍቶ ያየ ሰው መሆኑ አያጠራጥርም። ሾላ ፍሬ የምንለው ነገር በእርግጥ ወደ ውስጥ የተገለበጠ የአበባ ስብስብ ነው። መቶዎች የሆኑ ጥቃቅን አበቦች በውስጡ ተሰውረዋል፤ ወደ እነርሱ የሚያስገባው በር ጫፉ ላይ ያለች ጠባብ ቀዳዳ ናት። በዚያች ቀዳዳ ከጥቂት ሚሊሜትር የማትበልጥ እንስት ተርብ ትገባለች፤ ስትገባም ብዙውን ጊዜ ክንፎቿ ይቆረጣሉ። ያመጣችውን የአበባ ዱቄት ታራግፋለች፤ በአንዳንዶቹ አበቦች ውስጥ እንቁላሏን ትጥልና እዚያው ትሞታለች። ከእንቁላሎቹ የሚፈለፈሉት ወንዶች ተርቦች ክንፍ የላቸውም፤ ሥራቸው እንስቶቹን ማጥቃትና የመውጫ ቀዳዳ መቆፈር ብቻ ነው። እንስቶቹ በዚያ ወጥተው ሌላ ዛፍ ፍለጋ ይበራሉ። አብዛኞቹ የፊከስ ዝርያዎች የየራሳቸው ተርብ አላቸው፤ ተርቧ ከጠፋች ዛፉ ዘር አይኖረውም፤ ዛፉ ከጠፋም ተርቧ የምትወልድበት የላትም።

ዘሩ ሲበስል ርግቦችና ሌሎች ፍሬ በል ወፎች ይመጣሉ። ወፏ በልታ ግንቡ ላይ ስታርፍ ዘሩን ከኩሷ ጋር በድንጋዮች መካከል ትጥለዋለች። ኖራው ጥቂት እርጥበት ይዞለት ከሆነ ዘሩ ይበቅላል፤ ሥሩም ቀዳዳ እየፈለገ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር የፊዚክስ ጉዳይ ነው። እየወፈረ የሚሄድ ሥር ወደ ጎን የሚያሳርፈው ግፊት ከ0.5 እስከ 1 ሜጋፓስካል ሊደርስ ይችላል፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ግራም ክብደት እንደ መጫን ማለት ነው። ድንጋዩ ራሱ ይህን ይችለዋል። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ኖራ ግን ሲጨመቅ እንጂ ሲሳብ ደካማ ነው፤ ድንጋዮቹም ይለያያሉ።

እንግዲህ ሙግቱ እዚህ ላይ ይጀምራል። በአንድ ወገን ያሉት «ሥሩ ግንቡን እያፈረሰው ነው፤ ይቆረጥ» ይላሉ። በሌላ ወገን ያሉት ደግሞ «ግንቡን አስሮ የያዘው ሥሩ ነው፤ አትንኩት» ይላሉ፤ ከእነዚህ መካከል ለቅርሱ ሳይሆን ለፎቶግራፉ የሚሟገቱ መኖራቸውን አንሸሽግም። እኛ የምንለው ሁለቱም እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ ነው። አንድ ሥር በወጣትነቱ የገነጠለውን ድንጋይ በእርጅናው አቅፎ ሊይዘው ይችላል። በዚህ ጊዜ ሥሩን መቁረጥ አደጋ አለው፤ ከግንቡ ውስጥ የቀረው ክፍል ይበሰብሳል፤ የሞላው ቦታ ባዶ ይሆናል፤ ተደግፎ የቆመው ድንጋይም ይወርዳል። በካምቦዲያ አንግኮር የሚገኘው የታ ፕሮም ቤተ መቅደስ ዛፎቹ በግንቡ ላይ እንደ በቀሉ እንዲቆዩ ተደርገው፣ አስጊ በሆኑት ቦታዎች ላይ ግን ድጋፍ ተሠርቶላቸው የሚጎበኝ ስፍራ ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር ጥንታዊ ግንቦች ላይ ባደረጉት ጥናት ሐረግ የለበሰ ግንብ ከተራቆተው ይልቅ የሙቀትና የእርጥበት መለዋወጥ እንደሚቀንስለት አሳይተዋል። እርግጥ ነው፣ የእንግሊዝ ሐረግ የጎንደር ሾላ አይደለም። የእነርሱን መልስ መዋስ አንችልም፤ ዘዴያቸውን ግን መዋስ እንችላለን።

ዘዴውም ከባድ አይደለም። አንድን ስንጥቅ በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ማስመሪያ በአጠገቡ ይዞ ፎቶግራፍ ማንሣት ይቻላል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥርና በነሐሴ ቢሆን ይበልጣል፤ በአካባቢው ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በዝናብ ጊዜ የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ሸክላ የበዛበት ስለሆነ ግንቡን የሚያንቀሳቅሰው ሥሩ ብቻ ላይሆን ይችላል። ስንጥቁ ከክረምት እስከ በጋ ሰፍቶ የሚመለስ ከሆነ ተጠያቂው አፈሩ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ሥሩን መጠርጠር ተገቢ ነው። የዐሥር ዓመት ፎቶግራፍ ያለው ሰው በስብሰባ ላይ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል። ያ እስኪሆን ድረስ ግን፣ መጋዝ ይዞ የሚመጣን ባለሙያ «ቆይ፣ ምን ለክተህ ነው?» ብሎ መጠየቅ የሁላችንም ግዴታ ነው። ፈቃዱን ከቅርሱ ጠባቂዎች መጠየቅ፣ በድንጋዩም ላይ ምንም ነገር አለመለጠፍ እንደሚገባ ለማሳሰብ ያህል እንጠቅሳለን።

የከተራ ሒሳብ

መዋኛው ያለ ወንዝ ጉድጓድ ነው። በጥምቀት ዋዜማ፣ ጥር 10 ቀን፣ የሚከበረው በዓል ስሙ «ከተራ» መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ የምናስበው ግን ስንቶቻችን ነን? «ከተረ» ማለት ውሃን አገደ፣ ገደበ ማለት ነው። አባቶቻችን የበዓሉን ዋዜማ የሰየሙት በውሃ ምሕንድስና ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮ የኢትዮጵያን የጥምቀት በዓል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር፣ ሳያስበውም ቢሆን አንድን የወንዝ ጠለፋ ዘዴ አብሮ መዝግቧል ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በጎንደር ይህ ሥራ ዛሬም ይታያል፤ ከበዓሉ አስቀድሞ የቀሃ ውሃ በቦይ ተጠልፎ መዋኛውን ይሞላዋል።

እስቲ ጥቂት እናስላ። መዋኛው በግምት 50 ሜትር በ30 ሜትር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የአንድ ሜትር ጥልቀት 1,500 ሜትር ኩብ፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን አምስት መቶ ሺህ ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ጥር ደግሞ በጋ ነው፤ ዝናቡ ካቆመ ወራት አልፈዋል። ለምሳሌ ያህል ወንዙ በዚያ ወቅት አንድ ሜትር ስፋትና ዐሥር ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይዞ፣ ላዩ በሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ ይፈስሳል እንበል። ከታች ያለው ውሃ ከላዩ ስለሚዘገይ ውጤቱን በ0.85 ስናባዛ በሰከንድ 17 ሊትር ገደማ እናገኛለን። ይህ ሁሉ ወደ መዋኛው ቢገባ አንድ ሜትር ለመሙላት አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። የወንዙ ፍሰት በግማሽ ቢቀንስ ሁለት ቀን፤ ወደ ዐሥረኛ ቢወርድ ዐሥር ቀን። በዚያ ላይ በድንጋዮቹ ስንጥቅ የሚሰርገውና ፀሐይ የሚያተነው አለ። በዓሉ ቀኑን አይለውጥም፤ መለወጥ የሚችለው ወንዙ ነው።

የበጋውን ፍሰት የሚወስነው ምንድን ነው? በክረምት ወደ መሬት የገባው ውሃ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ ሲወርድ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ አምስት ሄክታር የቆርቆሮ ጣሪያና አስፋልት ብቻ 1,500 ሜትር ኩብ ያፈስሳሉ፤ ከላይ ያሰላነው የመዋኛው አንድ ሜትር ማለት ነው። ያ ውሃ በአንድ ሰዓት ውስጥ አፈር ይዞ፣ ገደል ቆርሶ ይሄዳል። ከዛፍ ሥር የወደቀው ዝናብ ግን ቅጠሉን፣ ግንዱን፣ የተከመረውን የቅጠል ብስባሽ እያለፈ ወደ መሬት ይገባል፤ ከወራት በኋላም ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በጥር የምናየው የቀሃ ውሃ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ በኮረብታዎቹ ላይ የተቆጠበ ነው። ከመዋኛው በላይ ያለው ተራራ ቢራቆት የሚጎዳው ተራራው ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ይህን በዓይኑ ለማየት የሚሻ ሰው ከመዋኛው ወደ ቁስቋም ይውጣ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ካሠራቻቸው ሕንፃዎች የቀረውን ማየቱ በራሱ ዋጋ አለው፤ እኛ የምናሳስበው ግን መሬት መሬቱን ማየትን ነው። በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ያሉትን ጽድና ወይራ ከባሕር ዛፍ ተክል ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በጽዱ ሥር አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ በባሕር ዛፉ ሥር ብዙውን ጊዜ ደረቅ ቅጠል እንጂ ሣር የለም። አንድ ሊትር ውሃ በሁለቱም ላይ አፍስሶ ለመስረግ የሚፈጅበትን ጊዜ መቁጠር ጥሩ ሙከራ ነው። ሆኖም ባሕር ዛፍን እንደ ጠላት ከሚያዩት ጋር አንስማማም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ማገዶና ማገር ባይሆነን ኖሮ የቀረው ጽድና ወይራ በምጣድ ሥር ባለቀ ነበር። ጥፋቱ ዛፉ አይደለም፤ ወንዝ ዳር መተከሉ ነው።

ወደ ወንዙ እንመለስ። ቀሃ ከተማን የሚያቋርጥ ወንዝ ሁሉ የሚደርስበት ደርሶበታል፤ የእጥበት ውሃ፣ የላስቲክ ከረጢት፣ የውሃ ጠርሙስ። ይህ የዓይን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጽዳት ዘመቻ ይታለፍ ነበር። ቀሃ ግን ከጎንደር በስተደቡብ ከአንገረብ ጋር ተገናኝቶ ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ይገባል። (ይህ አንገረብ ወደ አትባራ ከሚፈስሰው ትልቁ አንገረብ ጋር ስም ብቻ እንደሚጋራ ካርታ የሚያነቡ ልብ ይሏል።) የጣናን ሰሜናዊ ዳርቻ የወረረው እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታወቅ መጀመሪያ ጎልቶ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ የመገጭ አፍ ነበር። እምቦጭ የሚፋፋው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በበዛበት ውሃ ውስጥ ነው፤ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ የሸፈነውን ስፋት እጥፍ ያደርጋል። ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ከእርሻው ማዳበሪያ፣ ከታጠበው አፈርና ከከተማው ፍሳሽ ይመጣል። የጎንደር ድርሻ ስንት ነው? ይህ የሚታወቀው ከከተማው በላይና ከከተማው በታች ያለው ውሃ ተለክቶ ሲነጻጸር ነው።

ለዚህም ውድ መሣሪያ እስኪገዛ መጠበቅ አያስፈልግም። የወንዝ ጤንነት በውስጡ በሚኖሩ ነፍሳት ይታወቃል። ከድንጋይ ሥር ሦስት ጭራ ያላቸው፣ ጠፍጣፋና ፈጣን የነፍሳት እጮች ከተገኙ ውሃው ኦክስጅን አለው ማለት ነው። እነርሱ ጠፍተው ትል የሚመስሉ ቀያይ እጮች ብቻ ከቀሩ ኦክስጅኑ አልቋል። ቀይ ያደረጋቸው በእኛም ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ነው፤ ጥቂቷን ኦክስጅን አጥብቀው የሚይዙበት። ሁለት ባልዲ፣ አንድ ወንፊትና አንድ ነጭ ሳሕን ይበቃል። ከመምህራን ጋር ሆኖ፣ ቦት ጫማና የላስቲክ ጓንት አድርጎ መሥራት ግን ግድ ነው፤ በጣና ተፋሰስ ወንዞች ዳር፣ ውሃው ዝግ በሚልበት ቦታ፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ስለሚኖሩ በባዶ እግር ወደ ውሃ መግባት ፈጽሞ አይመከርም።

«ይህ የማዘጋጃ ቤትና የቅርስ ባለሥልጣን ሥራ ነው፤ ተማሪን ምን አገባው?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። በከፊል እውነት አለው፤ ፍሳሹን የሚያስወግድ ቱቦ በተማሪ አይዘረጋም። ነገር ግን ባለሥልጣናት የሚወስኑት ባላቸው መረጃ ነው። ስለ ግንቡ መረጃ አለ፤ ስለ ቀሃ በየዓመቱ በተመሳሳይ ቀንና ቦታ የሚወሰድ ተራ ልኬት ግን አንድ ክፍል ተማሪ በአንድ ቅዳሜ ሊጀምረው የሚችል ሥራ ነው። ደግሞም ተማሪው ይመረቃል፤ ከነዚያ ባለሥልጣናት ወንበር ላይ የሚቀመጠውም እርሱ ነው። ወደ ጎንደር መሄድ የማይመቻቸው አንባብያን በየከተማቸው የሚያቋርጥ አንድ ወንዝ አያጡም፤ ግንብ ባይኖረው እንኳ ድልድይ ይኖረዋል፤ ድልድይም ከድንጋይ፣ ከኖራና ከሾላ ሥር ነፃ አይደለም።

ለመሄድ ለወሰኑ ጥቂት ነገር እንጨምር። ከግቢው ጠዋት በ3 ሰዓት መነሣት ይበቃል፤ ድንጋዩ ገና ሳይግል የጥላንና የፀሐይን ሙቀት ልዩነት ከመዋኛው ዛፎች ሥር በቴርሞሜትር ለመጀመር ያመቻል። ሜትር፣ የእጅ ሰዓት፣ ማስታወሻ ደብተርና የሚጠጣ ውሃ ያስፈልጋሉ። የወንዙን ፍጥነት ለመለካት ከብርቱካን የተሻለ መሣሪያ አላገኘንም፤ አብዛኛው ክፍሉ ሰምጦ ስለሚንሳፈፍ ነፋስ እምብዛም አይገፋውም። ዐሥር ሜትር ለክቶ ሦስት ጊዜ መልቀቅና አማካዩን መውሰድ ነው። የመጀመሪያው ልኬት ከከተራ በፊት ባለው ሳምንት፣ ውሃው ወደ ቦዩ ከመጠለፉ አስቀድሞ ቢወሰድ ይመረጣል፤ ሁለተኛውም በነሐሴ አጋማሽ፣ ዝናብ በሌለበት ጠዋት። ብርቱካኑን ከወንዙ አውጥቶ ይዞ መመለስ ግን አይረሳ።